የሰልባቲዮው ክዳን

ነዚራን ናፍጣ ትቀምሳለች። ቀልዴን አይደለም። አዲስ በርሜል በመጣ ቁጥር አውራ ጣቷን ትነክርና ከሌባ ጣቷ ጋር ታሸዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ከዚያ ምላሷ ጫፍ ላይ ነካ አድርጋ እንትፍ ትላለች። ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ጣት ላይ ቶሎ ይደርቃል፤ የንጹሁ ቅባት ግን ይቆያል። ሻጩ ቆሞ እያያት “እናቴ፣ ወጥ ነው እንዴ የምትቀምሺው?” ብሎ ቢያሾፍ መልሷ አንድ ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ትለዋለች።

ወፍጮዋ ቻክ 214 በሚባለው መንደር፣ ከቦዩ ዳር ነው። ሞተሩ ጥቁር፣ ባለ አንድ ፒስተን ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ የሰው ደረት የሚደርሱ ሁለት የብረት መንኮራኩሮች አሉት። ከኒም ዛፉ ሥር ባለችው የጭቃ ቤት ውስጥ ሆኖ በረጅም ቺንጋ የወፍጮውን ድንጋይ ያዞራል። የጭስ መውጫው ቱቦ ጣሪያውን በስቶ ወጥቷል፤ ጫፉ ላይ ቂጧ የተበሳ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ተደፍታበታለች። የሰቀላት ሟቹ ባሏ ሳማንድ ነው። ሞተሩ ጭሱን በተፋ ቁጥር ማሰሮዋ ኩክ ትላለች፤ ኩክ፣ ኩክ፣ ኩክ፣ እስከ ቦዩ ማዶ ድረስ። በእኛ በኩል ድምፅ የሌለው ወፍጮ ደንበኛ የለውም። እርሻ ላይ ያለችው ሴት ኩክታውን ስትሰማ ወፍጮው እንደተነሣ ታውቅና ስንዴዋን አህያ ላይ ትጭናለች። ዝም ሲልም መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ክፋቱ እሱ ነው።

ሳማንድ በሳንባው ታሞ የመጨረሻውን ዓመት ያሳለፈው ከሞተሩ አጠገብ በተዘረጋ የገመድ አልጋ ላይ ነበር። ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። እንደማይተርፍ ሲያውቅ ያንን ሞተር ለሚስቱ አስተማራት። ይህ ሞተር ክብሪት አያውቅም አላት። መጀመሪያ አየር ይስባል። የሳበውን አየር ይጨምቀዋል፤ አየር ደግሞ በጠባብ ቦታ ሲጨመቅ ይግላል፣ የብስክሌት መንፊያ ሲነፋበት እንደሚግለው ማለት ነው። አየሩ እሳት ሲሆን ፓምፑ በቀጭኑ አፈሙዝ አንዲት ጠብታ ናፍጣ ጉም አድርጎ ይረጭበታል፤ ይነዳል፣ ፒስተኑን ይገፋል። ከዚያ ጭሱን ይተፋል። ነዚራን በአራት ጣቶቿ ያዘችው፤ መሳብ፣ መጭመቅ፣ መንደድ፣ መትፋት። የፓምፑን ሆድ፣ የማጣሪያውን ጨርቅ፣ ሁሉንም ነገራት። ከሞተሩ በላይ ስለተሰቀለው የናፍጣ ማጠራቀሚያ፣ ስለ ሰልባቲዮው ግን ምን ይነግራታል? ቆርቆሮ ነው፣ ክዳን አለው፣ ናፍጣው በራሱ ክብደት በቱቦ ይወርዳል። ስለ ክዳን ማን ያስተምራል?

ሌላም ነገር ትቶላት ነበር፤ ካራምዲንን። ካራምዲን የገበያው ከተማ መካኒክ ነው፤ በአካባቢው “ሚስትሪ ካራምዲን” ካልከው ውሻ ሳይቀር ቤቱን ያሳይሃል። እሱና ሳማንድ በወጣትነታቸው አንድ የበዓል ቀን ጥምጥም ተለዋውጠዋል። ጥምጥም የተለዋወጡ ሰዎች ከእናት ልጅ አያንሱም፤ የአንዱ ሚስት ለሌላው የወንድም ሚስት ናት፣ የአንዱ ሬሳ የሌላው ሸክም ነው። የሳማንድን ጥምጥም ካራምዲን ዓርብ ዓርብ ይጠመጥመዋል። የካራምዲን ጥምጥም ደግሞ በነዚራን የብረት ሳጥን ውስጥ፣ ብል እንዳይበላው በኒም ቅጠል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሳማንድ በሞተ በሳምንቱ የአጎቶቹ ልጆች “ሴት ከወፍጮ ጋር ምን አላት?” እያሉ ሲመጡ ካራምዲን የገመድ አልጋው ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠ። አልተሳደበ፣ አልተሟገተ፤ ዝም ብሎ ላሲውን፣ ያንን የተናጠ እርጎ፣ እየጠጣ ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ወፍጮውን የነካባት የለም።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው ነዚራን ትጠረጥራለች? ትጠረጥራለች እንጂ! ሳማንድ ከሞተ ወዲህ ያልጠረጠረችው የለም። እህሉን ከማጉረሻው የሚጨምረውንና ሞተሩን በእጁ አዙሮ የሚያስነሳውን ቡታን፣ ያንን ከራሱ ጥላ ጋር የማይጣላ ጎልማሳ፣ ሲወጣ ሲገባ ጉያውን ታየዋለች። መካኒኮችማ በደህናው ጊዜም ስማቸው ጎድፏል። የፋብሪካውን አፈሙዝ ፈትቶ የገበያውን ኮፒ ይገጥምና ዋናውን ኪሱ ይከታል ይባላል። ስለዚህ በእኛ አገር ሚስትሪ ሞተር ሲፈታ ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጦ እጁን ያያል፤ ነውርም የለበትም። ካራምዲን ሲሠራ ግን ሳማንድ ጀርባውን ሰጥቶ ይተኛ ነበር። ነዚራን አትተኛም። በየብሎኑ ራስ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጋበታለች። ካራምዲን ነጥቦቹን ባየ ጊዜ “ፐርጃይ፣ ሞተሩን ልትድሪው ነው?” ብሎ ሳቀ። ፐርጃይ ነው የሚላት፤ የወንድሜ ሚስት ማለቱ ነው።

ከስንዴ አጨዳው አንድ ወር ቀደም ብሎ ነዚራን ሰልባቲዮውን ስትወለውል ክዳኑ ላይ ቀዳዳ አየች። መርፌ የምታስገባ፣ ክብ፣ ጥርት ብላ የተበሳች ቀዳዳ። ደሟ ፈላ። ዝገት እንዲህ አይበሳም፤ ይህ የሰው እጅ ነው። በዚህች ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ከትቶ ናፍጣ የሚመጥ አለ፣ ወይም ላምባ የሚያንጠባጥብ። እንዲህ ያለ ቀጭን መብሻ ያለው ማነው? ቡታ መብሻ የለውም። ባለፈው ዒድ ሞተሩን ያጸዳው ማነው? ስሙን በልቧ እንኳ ለመጥራት ፈራች፤ ግን ጠራችው።

ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ ክብ ቆርጣ ከክዳኑ ውስጠኛ ጎን ለጠፈች፣ ሬንጅ አቅልጣ ዙሪያውን ደፈነች። ቀጥቃጩ ማንጠልጠያ ሠራላት፤ ጓጉንቸር አንጠለጠለችበት፣ ቁልፉን በክር አሥራ አንገቷ ላይ አደረገች። ክዳኑን ከእሷ በቀር ማንም አይከፍተውም። ሌባው አንድ ቀን ቱቦውን ይዞ ይመጣል፣ ቀዳዳውም ተደፍኖ ሲያገኘው ፊቱ ይለዋወጣል፤ ያን ጊዜ አየዋለሁ አለች። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር፤ እሷ ግን ገንፎውን ትታ ስንጥር ብቻ መፈለግ ጀምራ ነበር።

እስከ አጨዳው ሥራው ጥቂት ነው። ወፍጮው በቀን ግማሽ ሰዓት ቢዞር ነው፣ ጠዋት ጠዋትም እሷ ክዳኑን ከፍታ የናፍጣውን ልክ በእንጨት ትለካለች። ምንም አልሆነም።

የአጨዳው ወር ቫይሳኽ ገባ፣ ስንዴው ታጨደ። በኒሙ ሥር ከጠዋት ጀምሮ ሰልፍ ሆነ። የመጀመሪያው ቀን ሰልባቲዮው እስከ አፉ ተሞላ፣ ቡታ ሞተሩን አስነሳ፣ ኩክ ኩክ ሲል ቆየ። አንድ ሰዓት አልፎ ድምፁ መቅጠን ጀመረ። ኩክ... ኩ... መንኮራኩሮቹ ዘገሙ፣ ቺንጋው ተንጠራወዘ፣ ዱቄቱ ቀረ። ሞተሩ ጸጥ አለ። ነዚራን ሮጣ ጓጉንቸሩን ከፈተች። ናፍጣው ሞልቷል። ነክራ ቀመሰች፤ ንጹሕ ነው። ቡታ የፓምፑን ብሎን አላልቶ የገባውን አየር አስወጣና አንዴ ቢያዞረው ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሣ። ክዳኑን ዘጋች፣ ቆለፈች። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ሞተ። እንደገና ከፈተች፣ ለካች፣ ቀመሰች፤ እንደገና ተነሣ።

እንግዲህ የእሷን ሐሳብ ተመልከቱ። እኔ ስመረምረው ይሠራል፤ ዞር ስል ይሞታል። ስለዚህ እኔ ዞር ስል የሚነካው አለ። ቡታ ላይ ዓይኗን ተከለች። ምስኪኑ ሰውዬ ሮቲ ቂጣውን እንኳ በሰላም መዋጥ አቃተው።

በሦስተኛው ቀን ካራምዲንን አስጠራችው። በብስክሌቱ መጣ፣ ሰልባቲዮውን ክፈቺልኝ አላት። ከፈተች፤ ክዳኑን ግን አላሳየችውም፣ በሻሿ ሥር ጭኗ ላይ ይዛው ተቀመጠች። ስለ ቀዳዳው ይጠይቅ ይሆን? ይደነግጥ ይሆን? ካራምዲን ስለ ክዳን ደንታም አልነበረውም። ማጣሪያውን አየ። አፈሙዙን ፈትቶ ወረቀት ላይ አስረጨው፤ ጉም ነው፣ ምንም እንከን የለውም። ሞተሩን አስነስተው ላሲ እየጠጣ ሁለት ሰዓት ጠበቀ። ሰልባቲዮው ክፍት ነው፣ ክዳኑ ጭኗ ላይ ነው፤ ሞተሩ አንዴም አልተደናቀፈም። የታመመ ሞተር አላየሁም ብሎ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። እሷም ክዳኑን መልሳ ቆለፈች። ገና የብስክሌቱ ጎማ አቧራ ሳይረጋ ባይሆንም፣ የኒሙ ጥላ ሳይዞር ሞተሩ ሞተ።

እሱ ሲኖር ይሠራል፤ ሲሄድ ይሞታል። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

በሳምንቱ ሰዉ ስንዴውን ወደ ቻክ 88 የኤሌክትሪክ ወፍጮ መጫን ጀመረ። ማሰሮዋ ቀን ላይ ሦስቴ አራቴ ዝም ስትል መንደሩ ይሰማል። ጎረቤቷ ሻሪፋን፣ ምላሷ ሥራ የማይፈታው፣ ከተራዋ ሳትወጣ “አፈሙዙን ለውጦት ይሆናላ። ሚስትሪ ሚስትሪ ነው” አለች። ነዚራን ያን ቀን ካራምዲንን ለሁለተኛ ጊዜ አስጠርታው ነበር። እንደ ድሮው ፐርጃይ ብሎ ገባ፤ የመሣሪያ ሳጥኑን አስቀመጠ። እሷ ወደ ቤት ገባች። የብረቱን ሳጥን ከፈተች፣ ጥምጥሙን ከነኒም ቅጠሉ አወጣች፣ ስንዴ ይዘው በተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ፊት አምጥታ የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ አኖረችው።

“ጥምጥምህን ውሰድ” አለችው። “የሙት ወፍጮ የሚዘርፍ ወንድም ሳማንድ አልነበረውም።”

ሴቶቹ ክው አሉ። ሻሪፋን ሳትቀር አፏን በሻሿ ያዘች።

ካራምዲን ጥምጥሙን አየው። ፊቱ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በተሻለ ነበር። “ምን ወሰድኩብሽ?” አላት።

“አንተ ታውቃለህ።”

“አላውቅም። ንገሪኝና ልወቅ።”

አልነገረችውም። ቀዳዳውን ብትነግረው ይዘጋጅበታል፤ ወጥመድ ለአውሬው አይነገርም። ካራምዲን ጥምጥሙን በሁለት እጁ አንሥቶ የገመድ አልጋው ላይ፣ ሳማንድ ይተኛበት በነበረው በኩል አስቀመጠው። “ይህን ለሳማንድ ነው የሰጠሁት፣ ካንቺ አልቀበልም” አለና ሳጥኑን ብስክሌቱ ላይ አሥሮ ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬው ከእሱ ብስክሌት ቀድሞ ገበያው ደረሰ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሞተር ያስፈታው ገበሬ ሁሉ በርጩማ ስቦ እጁን ያይ ጀመር። የአጎቶቹም ልጆች ሰምተዋል። አንደኛው ዓርብ ዕለት በወፍጮው በኩል አልፎ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና “ማሰሮዋ ዛሬ አልጮኸችም?” ብሎ ጠየቃት። ነዚራን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። የገመድ አልጋው ላይ ሦስት ቀን የሚቀመጥላት ሰው ከእንግዲህ የለም፤ ያባረረችውም ራሷ ናት።

ካራምዲን በሄደ በስምንተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሌባውን እጅ ከፍንጅ ልይዘው አለች። ሞተሩ እስኪሞት አልጠበቀችም። ከሰልባቲዮው ሥር ቁልፉን በእጇ ይዛ ቆመች፣ ቡታን ከበሩ ውጭ አስቀመጠችው። ማንም አልገባም። ዝንብ እንኳ አልገባም። ድምፁ መቅጠን ጀመረ። ኩክ... ኩ... ያኔ ጓጉንቸሩን ከፍታ ክዳኑን ሳበች፤ እንቢ አለ። ከውስጥ አንድ ሰው እንደያዘው ሁሉ እንቢ አለ። በሁለት እጇ ጎተተችው። ክዳኑ ሲለቅ ሰልባቲዮው ህእእ ብሎ አየር ሳበ፣ ውሃ ውስጥ ቆይቶ እንደወጣ ሰው። ሊሞት የነበረው ሞተር ወዲያው ነፍስ ዘራ። ኩክ፣ ኩክ፣ ኩክ።

ነዚራን ክዳኑን ይዛ ቀረች። ከዚያ መልሳ ገጠመችው፣ ጠበቀች። አንድ ሰዓት ሙሉ ከዚያ ቦታ አልተነቃነቀችም። ቀጠነ። ከፈተችው። ህእእ አለ፤ ሞተሩም ተመለሰ።

ካላማዳሪውን በጥፍሯ ላጠችው። ክዳኑን ወደ ፀሐይ አንሥታ በቀዳዳዋ አየች። ናፍጣው ወደ ታች ሲወርድ በቦታው አየር ካልገባ አይወርድም። ይህን ሳታውቀው ቀርታ ነው? የዘይት ቆርቆሮ በአንድ ቀዳዳ አይንቆረቆርም፤ በማዶ ሁለተኛ ይበሱለታል። ስንት ጊዜ በገዛ እጇ፣ በገዛ ሚስማሯ ስትበሳ ኖራለች! ቀዳዳዋን ሚስትሪ አልበሳትም፣ ሌባ አልበሳትም፤ ፋብሪካው ነው የበሳት፣ ሰልባቲዮው እንዲተነፍስ። ክዳኑን በከፈተች ቁጥር ታድነው ነበር፣ በቆለፈች ቁጥር ታንቀው ነበር። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

በማግስቱ ጥምጥሙን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ በፈረስ ጋሪ ከተማ ሄደች። ካራምዲን አንድ ፓምፕ ፈትቶ ነበር፤ ባለቤቱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እጁን ያያል። ነዚራን ሁሉንም እዚያው፣ በዚያ ሰው ፊት ተናገረች። ቀዳዳውን፣ ካላማዳሪውን፣ ሬንጁን፣ ያሰበችውን ሁሉ። ስትጨርስ አለቀሰች። ካራምዲን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማት።

“ሬንጅ ነው ያልሽው?” አላት።

“አዎ።”

“ናፍጣ ሬንጅ ያሟሟል። እስካሁን ፓምፑ ውስጥ ገብቷል። ነገ እመጣለሁ፤ ሞተሩ ምን አጠፋ?”

ጥምጥሙን ዘረጋችለት። “በእጅህ ሳጥኑ ውስጥ መልስልኝ” አለችው። “ካንተ እጅ ካልሆነ አይገባም።”

“ሥራውን ልጨርስና” አለ። ልቧ ትንሽ ተመለሰ። ልጨርስና ያለ ሰው እንቢ አላለም።

መጣ፤ ግን አደራረጉ ሌላ ነበር። ነጭ ጨርቅ መሬት ላይ አነጠፈ። የፈታውን ሁሉ፣ እያንዳንዷን ብሎን፣ ከነቀይ ነጥቧ ጨርቁ ላይ ደረደረ። ጥምጥሙ የገመድ አልጋው ላይ ነው። ነዚራን ለራሷ ምላ ነበር፤ ዛሬ እጁን አላይም፣ እንደ ሳማንድ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። ሰጠችውም። ወደ ቦዩ ዞራ ተቀምጣ ጣቶቿን ትቆጥራለች፤ መሳብ፣ መጭመቅ፣ መንደድ፣ መትፋት። ከኋላዋ ብረት ከብረት ይጋጫል፣ ካራምዲን በናፍጣ ያጥባል፣ ሬንጁን በእንጨት ይፍቃል። ሥራው አለቀ ሊባል ጥቂት ሲቀረው አንዲት ብሎን ወድቃ ስትንከባለል ሰማች። ካራምዲን ጎንበስ ብሎ አነሣት፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋት። እጁ በኪሱ አጠገብ አለፈ።

ነዚራን አንገቷ እንደዞረ የገባት ዓይኗ ኪሱ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ወዲያው መለሰችው። ካራምዲን ግን አይቷታል።

ብሎኗን ቦታዋ ላይ አስገብቶ አጠበቃት። ከዚያ ተነሣና ኪሱን ወደ ውጭ ገለበጠው። አንድ መሐረብና ግማሽ ቁራጭ የሸንኮራ ስኳር ነበረበት። ሁለቱንም የገመድ አልጋው ላይ፣ ከጥምጥሙ ጎን አስቀመጠላት።

“ይኸው፣ ባለወፍጮዋ” አለ።

ፐርጃይ አላላትም። ሞተሩን አስነሳ፣ ቀዳዳዋ የተከፈተችውን ክዳን ገጠመ። ኩክ ኩክ ሲል ጥቂት አዳምጦ መሐረቡን ብቻ አንሥቶ ሄደ። ሞተሩ ያን ቀን እስከ ማታ አንዴም አልተደናቀፈም፤ ከቻክ 88 ሳይቀር ስንዴ ተመለሰ። ጥምጥሙን ወደ ሳጥኑ የመለሰችው ራሷ ናት።

እስከ ዛሬ ሞተሩ ሲታመም ካራምዲን ይጠራል፤ ይመጣል። ማንም ሳይጠይቀው፣ መሣሪያውን ሳያወጣ፣ መጀመሪያ ኪሱን ገልብጦ ያለውን የገመድ አልጋው ላይ ያስቀምጣል። ነዚራን በየጊዜው ተው፣ ስለ ሳማንድ ብለህ ተው ትለዋለች። እሺ ይላታል፤ ይገለብጣል።